አንዴ ብቻ የተጠየቀው ወንድሜ

ስልኩ የመጣው ፈረቃ ላይ እያለሁ ነው። ሮተርዳም፣ ሆግቭሊት የሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ የነዳጅ መኪና ታንከር በሚታጠብበት ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ዘበኛው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ በእጁ ጠራኝ። ጓንቴን አውልቄ ገባሁ። የተደወለው ከዴን ሃግ፣ ከሆስፒታሉ ነው። ሴትየዋ የሰይፉ ወንድም እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነኝ አልኳት። ወንድሜ በዚያን ቀን ጠዋት ማረፉን ነገረችኝ። ቀዶ ጥገናው ደህና አልፎ ነበር፤ በማግስቱ ግን ልቡ አልቻለም። ይህን ሁሉ ቀስ ብላ፣ እንድሰማት አድርጋ ተናገረች። እኔም «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ሜትሮ ያዝኩ፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ትራም። የሥራ ልብሴን አልቀየርኩም። ነዳጅ ስለምሸት ሰዎች ከአጠገቤ እየተነሡ ሌላ ቦታ ይቀመጡ ነበር። በመንገዱ ሁሉ የማስበው ስለ ሞቱ አልነበረም። ከሦስት ቀን በፊት በስልክ ስለተነጋገርነው ነገር ነበር። እሱን በኋላ እናገራለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁት የስልኩ ነገር ምንም አይመስላችሁም።

ሰይፉ ታላቄ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነበር የምለው። አዲስ አበባ እያለ በአንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ጀምሮ እንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ድረስ ደርሶ ነበር። በሰባዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ጊዜው ሲከፋ በሱዳን በኩል ወጣ። ከዚያ ሆላንድ ገባ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እሱ ባሳካልኝ ወረቀት የመጣሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስመጣ ያገኘሁት ሥራ ላይ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ በደብዳቤ ጽፎልን ነበር፤ እናታችን ግን እስክትሞት ድረስ አላመነችም። ከዴን ሃግ ወደ ዞተርሜር በኩል፣ የሕንፃ ፍርስራሽና ቆሻሻ ተከምሮ አፈር የለበሰ ጉብታ ነበር። ጉብታው ላይ ነጭ የፕላስቲክ ብሩሽ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ብሩሹ ላይ ውኃ ይረጫል። ሆላንዶች ስኪ የሚሉትን ረጅም ቀጭን ጣውላ እግራቸው ላይ አስረው በዚያ ላይ ይንሸራተታሉ። ክረምት ላይ በረዶ ወደለበሱት የኦስትሪያ ተራሮች ከመሄዳቸው በፊት እግራቸውን የሚያለማምዱት እዚያ ነው። ወንድሜ የዚህ ቦታ የእንግዳ መቀበያና የስኪ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነበር። የኪራይ ጫማ በማጠብ ገብቶ በአራት ዓመቱ ኃላፊ ሆነ።

«እኛ ስንት ተራራ ጥለን መጣን፤ እነሱ ከቆሻሻ አንድ ሠሩ» ይል ነበር። «ታዲያ ማነው ባለጸጋው?»

መልስ አይጠብቅም። ወዲያው ወደሚቀጥለው እንግዳ ይዞራል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ እሄድ ነበር። ቦታው ሁሉ እርጥብ ፕላስቲክ ይሸታል። ስኪው ብሩሹን ሲፍቀው የሚያወጣው ድምፅ አለ፤ ድስት በሽቦ የሚፈተግ ይመስላል። ያ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አያቋርጥም። ወንድሜ በዚያ ሁሉ መሀል ከረባት ያስራል። ድርጅቱ የሰጠውን ሹራብ ለብሶ ከሥሩ ከረባት። ፒተር የሚባለው የስኪ አስተማሪ ሁልጊዜ ይስቅበት ነበር። ባንኮኒው ጀርባ ከፍ ያለ ወንበር ነበረ፤ ተቀምጦበት አይቼ አላውቅም።

«እንግዳ ቆሞ አንተ ከተቀመጥክ እንግዳው አንተ ሆንክ ማለት ነው» ይለኛል።

ሥራውን የሚሠራው በዓይኑ ነው። ለትምህርት የመጡትን በችሎታቸው በአራት ቡድን መክፈል አለበት። ወረቀቱ ላይ «ከዚህ በፊት ተንሸራተው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። ሰዉ ይዋሻል። ወንዶቹ ይጨምራሉ፣ ሴቶቹ ይቀንሳሉ፣ እውነቱን የሚናገሩት ልጆች ብቻ ናቸው። እሱ ወረቀቱን ይቀበልና አመስግኖ ያስቀምጠዋል፤ አያነበውም። ጫማ ከሚለበስበት ክፍል ወደ ሜዳው የሚያወርድ አምስት ደረጃ አለ። የስኪ ጫማ ከባድ ነው፤ ቁርጭምጭሚት አያሳጥፍም። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚወርዱ ያያል። የደረጃውን መደገፊያ ብረት በሁለት እጁ ይዞ በጎን የሚወርደውን አንደኛ ቡድን ያስገባዋል። ሳያይ የሚወርደውን አራተኛ። ስማቸው አጠገብ በእርሳስ ቁጥር ያደርጋል፤ በቃ። ፒተር መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ኋላ ላይ ግን አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «ሰይፉ፣ እስቲ በደረጃው አሳልፍልኝ» ማለት ጀመረ።

ባልና ሚስትን አንድ ቡድን ውስጥ አያስገባም። ቢለምኑትም አያስገባም። «አብረን ለመማር ነው የመጣነው» ሲሉት፣ በጣም በትሕትና፣ የሚስትየው ቡድን እንደሞላ ይነግራቸዋል። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ባልየው ማስተማር ይጀምራል። ምሳ ሳይደርስ ይጣላሉ፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ትምህርት ቤት ይሆናል» ይለኛል።

ጫማ ሲያስለካ ይንበረከካል። አንድ ቀን አንድ ወፍራም ሰውዬ እግሩን ዘርግቶ ጋዜጣ ሲያነብ፣ ወንድሜ ሥሩ ተንበርክኮ ማሰሪያውን ሲያጠብቅ አየሁ። ደሜ ፈላ። ሰውየው ከሄደ በኋላ «ለምን ትንበረከክለታለህ?» አልኩት።

«እግሩ እዚያ ነዋ ያለው» አለኝ። «ቆሜ ብጠይቀው ፊቱን ነው የማየው። ፊት 'ልክ ነው' ይላል። ጣት አይልም። ጫማ የጠበበው ሰው ደግሞ አስተማሪውን ነው የሚጠላው።»

ራሱም ተምሮ ነበር። ጠዋት ቦታው ሳይከፈት፣ ብቻውን፣ ማንም ሳያየው። ብሩሹ ላይ የወደቀ ሰው ቆዳው በእሳት እንደተለበለበ ይሆናል። ሁለቱም ክርኖቹ ላይ ጠባሳ ነበረው። በበጋም እጅጌውን አይጠቀልልም።

አሁን ስለ ሾርባው ልናገር።

ሆላንድ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ወንድሜ ሥራ ቦታውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። የቦታው ባለቤት ሄንክ ይባላል። ረጅም፣ ጉንጩ የቀላ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። የዚያን ቀን በትልቅ ድስት የአተር ሾርባ አምጥቶ ለሠራተኛው ሁሉ ያድላል። ውስጡ ሥጋ አለው፤ ሽታው እስከ በሩ ይመጣል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሄንክ ጭልፋውን ይዞ መጣና «ትበላለህ?» አለኝ፤ ወንድሜ ተረጎመልኝ። እኔም እንደ ደንቡ «አይ፣ ጠግቤአለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሄንክ «እሺ» አለና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ድስቱ ዞሮ ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። እኔ የተሰጠኝን ባዶ ሳህን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ።

ማታ ባቡር ላይ ወንድሜ እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ።

«ሳህኑን እንዴት እንዳቀፍከው!»

«ደግሞ ይለኛል ብዬ ነው እኮ።»

«ስማኝ ዳኒ። ወረቀት ብታጣ ይህን እንዳታጣ። እዚህ አገር ሁለተኛ ጥያቄ የለም። አንዴ ይጠይቁሃል። አዎ ካልክ አዎ ነው፣ አይ ካልክ አይ ነው። ብትግደረደር የሚለምንህ የለም። ንቀት እንዳይመስልህ፤ ቃልህን ማመናቸው ነው።» እንባውን ጠርጎ ጨመረ። «እኔም እስኪገባኝ ድረስ አንድ ክረምት ሙሉ ተርቤአለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከአገር ቤት አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይህንኑ ሲነግር እሰማው ነበር። እንደ ዳዊት ያስጠናቸዋል። እኔም አጠናሁት። ከሁሉም ይልቅ እኔ አጠናሁት።

በየዓመቱ፣ የካቲት ላይ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከዚያ ቦታ ሁለት አውቶቡስ ሰው ወደ ኦስትሪያ ይሄዳል። አንድ የተራራ መንደር ነው፤ ለአንድ ሳምንት። ከጥቅምት ጀምሮ የዚያን ጉዞ ነገር የሚይዘው ወንድሜ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ማን ደረጃ መውጣት እንደማይችል፣ የማን ልጅ ወተት እንደማይስማማው፣ ማን በየትኛው ቡድን እንደሚማር። መንደሩን በስልክ ያውቀዋል። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት የሆነችው ሴት በየገናው ካርድ ትልክለት ነበር። የትኛው ክፍል መስኮት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚያይ፣ የትኛው ቧንቧ እንደሚያንኳኳ ይናገራል። ተጓዦቹን ሰብስቦ «በመጀመሪያው ጠዋት መጋረጃውን በአንዴ አትክፈቱት፤ የበረዶው ብርሃን ዓይን ይወጋል» ይላቸዋል።

አንዴ አንዲት ሴት «አንተ ስንት ጊዜ ሄደሃል?» ብላ ጠየቀችው።

«አንድም ጊዜ» አላት።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። እሱም አብሯት ሳቀ።

ያልሄደው በወረቀት ምክንያት ነበር። መጀመሪያ ያለው የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው። ቀጥሎ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ተሰጠው፤ እሱንም ይዞ ድንበር ላይ ከሁለት አውቶቡስ ሰው ፊት መጠየቅን ፈራ። «እኔ ስወርድ ሰዉ ሁሉ በእኔ ምክንያት ሲጠብቅ አስበው» ይለኝ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ አውቶቡሶቹን ሸኝቶ ይቀራል። ሄንክና ፒተር ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሰዎቹ ፊታቸው በፀሐይ ተልጦ ይመጣሉ። እሱ ጫማቸውን ይቀበላል።

ከዚያ የሆላንድ ዜግነት አገኘ። ፓስፖርቱን የተቀበለ ዕለት ሮተርዳም እኔ ጋ መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ አንድ ረጅም ነገር ተሸክሟል። ስኪ ነው። ቀይ ስኪ፣ አዲስ፣ ከነፕላስቲኩ። ሠራተኛ ስለሆነ በቅናሽ ነው ያገኘው። ክፍሌ ጠባብ ስለነበረች አግድም አልገባ አለን፤ ይዞት እስኪመለስ ድረስ ግድግዳው ላይ አቆምነው።

«ብሩሽ ላይ አላስነካውም» አለኝ። «ብሩሽ ይበላዋል። ይህ ለበረዶ ነው።»

ፓስፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ደጋግሞ ገለጠው። ሁሉም ገጽ ባዶ ነበር። ዓይኑ ላይ እንደዚያን ቀን ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በዚያው ዓመት፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ እሱ ጋ ነበርኩ። ሰው ሳስቶ ነበር። ሄንክ የቡናውን ኩባያ ይዞ መጣና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ሰይፉ፣» አለው። «ኦስትሪያ ያሉት ለመሪዎች የሚሰጡን አልጋ ዘንድሮ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የእኔ ነው። ሁለተኛውን ፒተር እፈልጋለሁ ብሏል። አንተም ፓስፖርት ስላገኘህ ሳልጠይቅህ አልወስንም። ፒተር ቢሄድ ቅር ይልሃል? እውነቱን ንገረኝ።»

ወንድሜ ፈገግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ኧረ ምንም አይደል። ፒተር ይሂድ። እኔ እዚህ ሥራ አለኝ።»

«ግሩም። አመሰግናለሁ» አለ ሄንክ። ኩባያውን አንሥቶ ሄደ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ሄንክ በሩን እስኪዘጋ ጠብቄ «ምን አደረግክ?» አልኩት።

«ምን አደረግኩ?»

«እሄዳለሁ አትልም?»

«እንዴት ብዬ ነው የምለው? ልጁ እፈልጋለሁ ብሎ እያለ 'እሱን አስቀርተህ እኔን ውሰድ' ልበል? ነውር አይደለም?»

«ጋሼ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ሁለተኛ ጥያቄ የለም ያልከኝ?»

እርሳሱን አንሥቶ ጫፉን አየው። «ያ ለሾርባ ነው» አለኝ። «ይህ ሾርባ አይደለም። ሄንክ ስንት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ያውቀኛል። ይመለሳል፤ ታያለህ።»

ሄንክ አልተመለሰም። እስከ ጉዞው ሦስት ሳምንት ነበረ። በየቀኑ ባንኮኒው ጋ መጥቶ ቡናውን ይጠጣል፣ ስለ አውቶቡሱ ያወራል፣ ስለ ክፍሎቹ ይጠይቃል። ወንድሜ ይመልስለታል። ስለዚያ ነገር አንዳቸውም አላነሡም። ሄንክ ያላነሣው ስላለቀ ነው። ወንድሜ ያላነሣው ስላላለቀ ነው።

አውቶቡሶቹ የሚነሡበት ቀን እኔም ነበርኩ። ሻንጣ በመጫን ላግዝ ነው የሄድኩት። ወንድሜ አዲስ ከረባት አስሯል። ዝርዝሩን ይዞ በአውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። እያንዳንዱን ሰው በስሙ፣ ልጆቹን ሳይቀር። ሲጨርስ ለፒተር ዝርዝሩን ሰጠው፤ «ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ወይዘሮ ጉልበቷን ያማታል፤ ክፍሏን እንዳትቀይርባት» አለው። ሄንክ ትከሻውን መታ አድርጎ ገባ። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሶቹ ከግቢው እስኪወጡ ድረስ እጁን እያወዛወዘ ቆመ፤ ከወጡም በኋላ እጁን አላወረደም።

እኔ ቀድሜው ወደ ውስጥ ገባሁ። ብርድ ስለነበር ኮቴን ፈልጌ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ስል ሻንጣ አየሁ። የእሱ ሻንጣ ነው። ተቆልፏል፤ ሞልቷል። እላዩ ላይ የሱፍ ኮፍያና ፓስፖርቱ ተቀምጠዋል። ቀዩ ስኪ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ቆሟል።

ሲገባ ሻንጣውን እንዳየሁት አየኝ። ከረባቱን ፈታና ሻንጣውን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። ከዚያ ዕቃ ክፍል ገብቶ የተመለሱ ጫማዎችን መጥረግ ጀመረ።

ፒተር ከኦስትሪያ ሲመለስ ወንድሜ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በረዶው ድምፁ እንዴት ነው?» አለው።

«የምን ድምፅ?» አለ ፒተር። «ምንም ድምፅ የለውም። እንደዚህ ብሩሽ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ፣ ስንበላም፣ ትራም ላይም፣ በመሀል «ድምፅ የለውም አሉ» ይል ነበር። ለራሱ ነው የሚለው።

በመጸው ላይ መክሳት ጀመረ። «ከስተሃል» ስለው «ኃላፊ ሲወፍር አይተህ ታውቃለህ? የሚወፍር ባለቤቱ ነው» ብሎ አሳቀኝ። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን ለቆት ነበር። ለሰፈሩ ሐኪም ሆዱን እንደሚያመው ተናግሮ ኖሯል። ሐኪሙ «ሕመሙ ከባድ ነው?» ብሎ ጠየቀው። እሱም «ኧረ ደህና ነው» አለ። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ መለሰው። እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሄደ። በኋላ ሆስፒታል ሲገባ ጨጓራው ላይ የበቀለው ዕጢ አድጎ ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ መጣሁ።

ማክሰኞ ነው የደወለው፣ ከሆስፒታል። እኔ የምኖርበት ቤት ስልኩ ኮሪደር ላይ ነው፤ ቆሜ አነጋገርኩት።

«ሐሙስ ነው የሚከፍቱኝ» አለኝ።

«ልምጣ?» አልኩት።

«አይ፣ መጥተህ ምን ልታደርግ? ፈረቃ አለብህ። ለሥራው ገና አዲስ ነህ፤ አለቃህን አታስቀይም። ስወጣ ትመጣለህ።»

«እሺ» አልኩ።

ዝም አለ። ከጀርባው የምግብ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ዝምታው እንዴት ረጅም እንደነበረ አሁን ነው የሚታወቀኝ፤ ያኔ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ብያለሁ።

«አለሁ» አለኝ። «እሺ፣ በቃ። ጫማህን ደህና አድርገህ እሰር።»

እንግዶቹን ሲሸኝ የሚላቸው ነው።

አለቃዬን ፈቃድ አልጠየቅኩትም። በሞቱ ቀን ስጠይቀው አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ «ሂድ፣ ሂድ» ነው ያለኝ። ማክሰኞም ብጠይቀው «ሂድ» ይለኝ ነበር። ረቡዕም። እኔ ግን ወንድሜን ጠይቄው ነበር። አይ ብሎኝ ነበር። ቃሉን አመንኩት።

ከቀብሩ በኋላ ዴን ሃግ እትዬ ለተብርሃን ቤት ተሰበሰብን። እትዬ ለተብርሃን አዲስ አበባ ብዙ ዘመን የኖሩ ኤርትራዊት ናቸው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ያጥባሉ። ወንድሜ ሆላንድ ሲገባ መጀመሪያ ያስጠጉት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ የመጡት ሰዎች አንድ በአንድ የሚሉት አንድ ነገር ነው። «ደውዬለት ነበር፤ አትምጣ አለኝ።» «እኔንም አትቸገሪ አለኝ።» እትዬ ለተብርሃን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ለታመመ ሰው 'ልምጣ ወይ' ተብሎ ይጠየቃል?» አሉ። ማንንም አላዩም። «ይኬዳል እንጂ። እኔ ረቡዕ ዕለት ሾርባ ይዤ ሄድኩ። 'እትዬ፣ ለምን ደከሙ፣ ምነው ባይመጡ' አለኝ። ከዚያ ነርሷ ሰዓቱ አልቋል እስክትል ድረስ እጄን አልለቀቀም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ የኔ ልጅ፣ ሳያርፍ ደርሰህ አገኘኸው?»

«ፈረቃ ነበረብኝ፣ እትዬ» አልኩ።

አዩኝ። ሌላ አልጠየቁኝም። ሳህን ሞልተው አመጡ። «አይ፣ እትዬ፣ አልችልም» አልኳቸው። «ብላ» አሉኝ። «በእውነት አልችልም።» «ብላ ነው የምልህ» አሉና ጎርሼ እስክውጥ ድረስ ቆመው ጠበቁ።

ከሳምንት በኋላ ዕቃውን ልወስድ ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ። ሄንክ ካርቶን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ሁለት ከረባት፣ የእርሳስ ቁራጮች፣ ከኦስትሪያ የመጡ የገና ካርዶች። ሄንክ ቀብሩ ላይ አልቅሷል፤ አይቼዋለሁ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ የምናገረውን በሆላንድኛ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። መዝገበ ቃላት አይቼ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በቃሌ አጥንቼ።

«ለምን አልወሰድከውም?» አልኩት። «ስምህን የጠበቀልህ እሱ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ።»

ሄንክ ምን እንደምል ወዲያው ገባው።

«ጠየቅሁት እኮ» አለኝ። «አንተም እዚህ ነበርክ። ቅር ይልሃል ወይ አልኩት። አይ አለኝ። ከፈለገ ለምን አልነገረኝም?»

«ሻንጣው ባንኮኒው ሥር ነበር» አልኩት። «አውቶቡሱ በወጣበት ቀን። ፓስፖርቱ እላዩ ላይ ነበር።»

ሄንክ ወንድሜ ተቀምጦበት በማያውቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «አላወቅሁም» አለ። «ዳንኤል፣ እኔ ጠይቄዋለሁ። አይ አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ሌላ ብዙ ነበረኝ፤ መራራ መራራ ቃል መርጬ ነበር። ነገር ግን እሱ ያለው ሁሉ የእኔ ቃል ነው። ጠየቅሁት፤ አይ አለኝ። ልጠላው ነበር የሄድኩት። እሱን ልጠላበት ባሰብኩት ቦታ ላይ ራሴን ቆሞ አገኘሁት።

ሄንክ ተነሥቶ ዕቃ ክፍል ገባና ቀዩን ስኪ ይዞ ወጣ። ፕላስቲኩ አልተገፈፈም።

«ይህንንስ ትፈልገዋለህ?» አለኝ። «አለዚያ ኪራዩ ላይ እጨምረዋለሁ።»

«አይ፣ ግድ የለም» አልኩ። «ለቦታው ይሁን።»

ከአፌ የወጣው እንዲህ ነው። እፈልገው ነበር። ከካርቶኑ ውስጥ ካለው ሁሉ እሱን ነበር የምፈልገው። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ቢለኝ እቀበለው ነበር፤ ቆሜ ጠበቅሁትም።

«እሺ» አለ ሄንክ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ፕላስቲኩን ከጫፉ መላጥ ጀመረ።

ያን ክረምት አውቶቡሶቹ ሄዱ። ማን ዝርዝሩን እንደያዘ አላውቅም። እኔ ቀዩን ስኪ ሳስብ ከረምኩ። ብሩሽ ይበላዋል ብሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ፈረቃ ተለዋውጬ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ አዲስ ልጅ አለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ስኪ መከራየት እንደምፈልግ ነገርኳት። «ቀዩን» አልኩ። «አንድ ቀይ ጥንድ አላችሁ።»

መደርደሪያውን ዞራ አየችው። «እሱ ወጥቷል» አለችኝ። «ሰው ይዞት ሜዳ ላይ ነው። ትጠብቃለህ?»

ከኋላዬ ሌሎች ሰዎች ቆመዋል። እሷ እስክሪብቶዋን ይዛለች፤ ዓይኗ ወደ እነሱ እየሄደ ነው።

«አዎ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «እጠብቃለሁ።»

ወንድሜ ተንበርክኮ ጫማ ያስለካበት በነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከውጭ ብሩሹ ይሰማል፤ ይፍቃል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይፍቃል። ከዚያ ሁሉ ድምፅ የቀዩ ስኪ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ።